ተጣጣፊ የብር ቢላዋና ማግኔት ያሳሳተኝ ዓመት

ባለፈው ሳምንት ለንደን ውስጥ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛሁትን ተጣጣፊ የፍራፍሬ ቢላዋ ማንንም ሳልጠይቅ ዘመኑን ለይቼ ስላወቅሁ፣ ደስታዬን ላካፍላችሁ ወደድሁ። በስለቱ ግርጌ አንበሳ፣ ዘውድ፣ የዓመት ፊደልና የንግሥት ቪክቶሪያ ራስ ተመትተውበታል። አንበሳው ከ1,000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር መሆኑን፣ ዘውዱም በእንግሊዟ ከተማ በሼፊልድ መመርመሩን ይመሰክራሉ። የንግሥቲቱ ራስ የቀረጥ ምልክት ነው፤ ይህ ምልክት እ.ኤ.አ. በ1890 ስለቀረ ቢላዋው ከዚያ ወዲህ የተሠራ ሊሆን አይችልም።

እዚህ ለመድረስ አንድ ዓመት የፈጀብኝ፣ ብርን ማግኔት አይስበውም ብዬ በማግኔት መታመኔ ነው። በመጀመሪያ የገዛሁት ቢላዋ ጀርባ ላይ ማግኔቱ ሲጣበቅ ሐሰተኛ ነው ብዬ በርካሽ ሸጥሁት፤ ስለቱን ከፍቶ የሚይዘው ሞላ በእውነተኞቹም ቢሆን ብረት መሆኑን የተረዳሁት ከሸጥሁት በኋላ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ማግኔት ያልሳበውን ቢላዋ በብር ዋጋ ገዛሁ። እሱ ግን ኒኬል ሲልቨር በሚባለው የመዳብ፣ የዚንክና የኒኬል ቅይጥ ላይ ብር የተለበጠበት ነበር፤ ይህን ቅይጥም ማግኔት አይስበውም። በኒኬል ሲልቨር ላይ ብር መለበጡን የሚያመለክቱት ኢ ፒ ኤን ኤስ (EPNS) የሚሉት ፊደሎች እያንዳንዳቸው በትንሽ ጋሻ ውስጥ ስለተመቱ፣ ለጀማሪ ዓይን የመንግሥት ምልክት ይመስላሉ። ስለዚህ ማግኔቱን ትቼ አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር የስለቱን ጠርዝና ማጠፊያውን አያለሁ፤ ልባጩ ቀድሞ የሚያልቀው እዚያ ሲሆን ከሥሩም ቢጫ የሚያደላበት ቀለም ብቅ ይላል።

በቅርብ ዘመን ከእውነተኛ ብር የተሠሩት ቅጂዎች በምርመራ ምልክታቸው ይለያሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ሼፊልድ ዘውዱን በጽጌረዳ ተክታለች። እነዚህን እንደ ሐሰት መናቅ ትክክል አይመስለኝም፤ ጥፋቱ ቅጂን በአሮጌ ዋጋ የሚሸጠው ሰው ነው።

ስለ ጽዳት ግን በአቋሜ አልደራደርም፤ ብር ማጽጃ ፈሳሽ ውስጥ አትንከሩ። እኔ ነክሬ የዛጎል እጀታ አበላሽቻለሁ። አሲዱ የዛጎሉን ካልሲየም ካርቦኔት ስለበላው፣ ሲያዘነብሉት ሮዝና አረንጓዴ ያበራ የነበረው ገጽ እንደ ኖራ ደብዝዞ ቀረ። አሁን ስለቱን ብቻ በለስላሳ ጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ምልክቶቹ ባሉበት ቦታም አልፈትግም፤ ያ እጀታ ግን ከዚያ ወዲህ አልበራም።