አየሩ ከላይ፣ እኔ ከታች

ቮልሴ እ.ኤ.አ. የ1970 ስሪት ናት። የአራቱም እግሯ ፍሬን ታምቡር ነበር፤ ሸራዎቹ ከውስጥ ሆነው የሚዞረውን ከበሮ እየገፉ የሚያቆሙበት ዓይነት። ከእንጦጦ ስወርድ ታምቡሩ ሲግል ፍሬኑ እየደከመ ይሄዳል፤ ዝናብ ሲሆን ደግሞ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። የፊት ሁለቱን ወደ ዲስክ፣ ማለትም ዝርግ ሳህን በሁለት ፓድ ተቆንጥጦ ወደሚቆምበት ፍሬን፣ ልቀይር ብዬ ተነሳሁ። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በአንዳንድ ቮልሶች ላይ የፊት ዲስክ ይገጥም ስለነበር ነገሩ ለእሷ ባዕድ አይደለም።

መግጠሙ አንድ ቅዳሜ ብቻ ፈጀ። ጣጣው የመጣው ከፍሬን ዘይቱ መስመር አየር ማስወጣት ላይ ነው።

ባለቤቴ መሪው ጋ ተቀመጠች፣ እኔ መሬት ላይ ተኛሁ። ከማስተሩ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ እግሮቹ ከሚገፋው ዕቃ፣ ከሚርቀው እግር ጀመርን፤ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። ማስተንፈሻዋ ላይ፣ አየር የምታስወጣው ትንሽ ብሎን ላይ፣ ነጭ ቱቦ ሰካሁ፤ ጫፉን ትንሽ ዘይት ያለበት ሃይላንድ ውስጥ ነከርኩት። «ርገጪ! ያዢው!» እከፍታለሁ፣ አረፋ ይወጣል፣ እዘጋለሁ። «ልቀቂ!» በመጨረሻ ከአራቱም ንጹህ ዘይት ብቻ መጣ። ደስ ብሎኝ ተነስቼ ፔዳሉን ብረግጠው ስፖንጅ ነው። ወለሉን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

ደገምን። አምስት ጊዜ ደገምን። ሁለት ሊትር ዘይት አለቀ። የወጣውን መልሶ መጨመር ደግሞ አይሆንም፤ የፍሬን ዘይት ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲገባበት ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ቀለምም ይበላል። የግራ ፓራፋንጎዬ ምስክር ነው።

ከዚያ ግራ የገባው ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ዕቃ ገዛሁ። አንድ መካኒክ መኪናዋን ሳያይ በስልክ «ማስተሩ ነው» አለኝ። መርካቶ ሄድኩ። ሻጩን «ለዲስክ ነው ለታምቡር?» ብለው «ሁሉም አንድ ነው ወንድሜ» አለኝ። ይቺን ቃል ያዙልኝ። አዲሱ ማስተር ተገጠመ፤ ፔዳሉ ያው ስፖንጅ።

ሰፈራችን ጡረታ የወጡ መካኒክ አሉ። አመሻሽ ላይ በደጄ ሲያልፉ «ጋሼ፣ አቃተኝ» አልኳቸው። ቁልፍ እንኳ አላነሱም። ጎንበስ ብለው የፊት ግራውን አዩ፣ ዞረው ቀኙን አዩ። ጣታቸውን ካሊፐሩ፣ ፓዶቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ዕቃ፣ ግርጌ ላይ አድርገው፣

«ይቺ ምንድን ናት?» አሉኝ።

«ማስተንፈሻዋ።»

«አየር ውሃ ውስጥ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ላይ።»

«ታዲያ አንተ ታች ሆነህ ማንን ትጠብቃለህ ልጄ?»

የግራውን ካሊፐር ቀኝ፣ የቀኙን ግራ ገጥሜያቸው ኖሯል። ብሎኑ በሁለቱም በኩል ልክክ ይላል፣ ዲስኩም ይዞራል፤ ተሳስተሃል የሚል ነገር የለም። ማስተንፈሻዋ ግን ላይ መሆን ሲገባት ታች ትቀራለች። ከታች ንጹህ ዘይት ሲወርድልኝ አየሩ ከላይ ተመቻችቶ ተቀምጧል። ዘይት አይጨመቅም፣ አየር ይጨመቃል። ስፖንጁ እሱ ነበር።

በማግስቱ ቦታ አለዋወጥኳቸው። ቱቦው ውስጥ የወጣው አረፋ የጉድ ነው። ፔዳሉ ጠጠረ፤ ግን አሁንም ዝቅ ብሎ ነው የሚይዘው፣ ሁለቴ ሲረገጥ ከፍ ይላል። ይሄ ሌላ በሽታ ነው፤ እኔ ሁለቱንም «አየር» እያልኩ ነበር የምደክመው። ጋሼ አንድ መፈተኛ አሳዩኝ። የእጅ ፍሬኑን ስበህ ፔዳሉን ርገጥ፤ ከፍ ብሎ ከያዘ የኋላ ሸራዎቹ ከታምቡሩ ርቀዋል ማለት ነው። ያዘ። በየኋላ እግሩ ሁለት ሁለት ጥርስ ያላቸው ማስተካከያዎች አሉ። በካቻቢቴ ጎማው እስኪቆም አጠበቅኩና እንደልቡ እስኪዞር ሦስት አራት ጥርስ መለስኩ። ፔዳሉ ወደ ላይ መጣ።

አሁን ወደ ሻጩ ቃል። ሰፈር ዞሬ ስመለስ የፊት እግሮቹ የተቃጠለ ይሸታሉ። በክሪክ ባነሳት ጎማው በእጅ አልዞር አለ። ማስተንፈሻዋን ስከፍት ዘይቱ ፊጭ አለና ጎማው ተፈታ። ግፊት ታፍኗል። ከፔዳሉ ማስተሩን የሚገፋውን ዘንግ አየሁ፤ 1 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት አለው፣ ደህና ነው። የቀረው ማስተሩ ራሱ ነበር። ለታምቡር የተሠራው መውጫው ላይ ትንሽ ግፊት አስቀርቶ የሚይዝ ቫልቭ አለው። ታምቡር ሸራውን በሞላ (በስፕሪንግ) ስለሚመልስ አይጎዳውም። ዲስክ ላይ ግን ፓዱ እንደያዘ ይቀራል። የድሮውም ማስተር ለታምቡር ስለነበር መቀየሩ አይቀርም ነበር፤ የስልኩ መካኒክ ሳያውቅ ግማሽ እውነት ተናግሯል።

የዲስኩን ማስተር ልዩነት ከፍዬ አመጣሁ። ይሄኛውን ከመግጠሜ በፊት ዘይት ሞልቼ፣ ጠረጴዛ ላይ እያለ አረፋው እስኪያልቅ ገፋሁት። ባለቤቴ «የመጨረሻዬ ነው» ብላ ገባች። በአንድ ዙር አለቀ።

እሁድ ጠዋት እንጦጦ ወጥቼ ወረድኩ። ታች ስደርስ አቁሜ ሁለቱን የፊት ቸርኬዎች በእጄ ዳሰስኩ። ሁለቱም ሞቅ ብለዋል፤ እኩል።