ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብታችሁ ለመሮጥ ካሰባችሁ፣ ክላስ ከማቋረጣችሁ በፊት ይህን አንብቡ

አሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ገብተው መሮጥ ወይም ኳስ መጫወት የሚፈልጉ የአበሻ ልጆች ይደውሉልኛል። ሁሉም የሚጠይቁት ስለ ሰዓት ነው። «ስምንት ኪሎ ሜትሩን በስንት ብገባ ይወስዱኛል?» ይሉኛል። በሰዓት ምክንያት ከቡድን የቀረ ልጅ እስካሁን አላጋጠመኝም። በክሬዲት፣ ማለትም በሴሚስተሩ በተመዘገበበት የትምህርት መጠን ምክንያት የቀረ ግን አውቃለሁ። አንዱ እኔ ነኝ።

የመጣሁት በዲቪ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ዘመድ ቤት አረፍኩ። ማታ ማታ ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ ቀን እማራለሁ። አዲስ አበባ እያለሁ ጃን ሜዳ ከጓደኞቼ ጋር እሮጥ ነበር፤ ክለብ ግን ገብቼ አላውቅም። እዚህ ግን የኮሌጁን የአገር አቋራጭ ሩጫ ቡድን ገባሁ። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ እዚያ የረዱኝ ሰዎችም ስላሉ ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን ልንገራችሁ። አብዛኞቹ የሁለት ዓመት ኮሌጆች የሚወዳደሩት ኤንጄሲኤኤ በሚባለው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ሥር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው። ሦስት ዲቪዚዮን (ደረጃ) አለው። በአንደኛው ኮሌጁ ትምህርቱንም፣ መኝታውንም፣ ምግቡንም ሊሸፍን ይችላል። በሁለተኛው የትምህርት ክፍያና መጽሐፍ ነው። በሦስተኛው ለስፖርት ተብሎ የሚሰጥ ገንዘብ የለም። ካሊፎርኒያ የራሷ ማኅበር አላት፤ እዚያም የስፖርት ስኮላርሺፕ የለም። የእኔ ኮሌጅ ሦስተኛው ላይ ነበር። ስለዚህ «ስኮላርሺፕ አገኛለሁ» ብላችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ኮሌጁ የትኛው ላይ እንዳለ ጠይቁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ሞልቶ፣ ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ፣ ፔል ግራንት የሚባለውን የማይመለስ የመንግሥት ገንዘብ ማግኘት ይችላል። እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው።

ምዝገባው ቀላል ነው። የሐኪም ምርመራ ፎርሙም ቀላል ነው። አሰልጣኙን በኢሜይል ጻፉለት፣ ይመልሳል። አበሻ መሆናችሁን ሲሰማ ደግሞ ቶሎ ይመልሳል። ሁላችንንም የቀነኒሳ ዘመድ አድርገው ነው የሚያስቡን።

ትራንስክሪፕቱ ትንሽ ያንገላታል። የእኔ ላይ አስራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩበት ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው የተጻፈው። እዚህ ያለ ሰው ሲያነበው ከትውልድ ቀኔ ጋር አይገጥምለትም፤ ሕፃን ሆኜ የተመረቅኩ ይመስለዋል። ሁለቱም አቆጣጠር እንዲጻፍ ገና አገር ቤት እያላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ኮሌጁ ለሚቀበለው የውጭ ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት ይላካል። ይኼው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

በማኅበሩ ሕግ አንድ ስፖርተኛ ሲዝኑ እስኪያልቅ ድረስ ቢያንስ 12 ክሬዲት ላይ ተመዝግቦ መቆየት አለበት። ከ12 የወረደ ቀን መወዳደር ያቆማል። እኔ የተመዘገብኩት ልክ 12 ነበር። እንዲያ እንድመዘገብ የመከሩኝ ራሳቸው የኮሌጁ ሰዎች ናቸው። «ሥራ አለህ፣ ልምምድ አለህ፣ አገሩም አዲስ ነው፣ አትጨናነቅ» አሉኝ። ለሁሉም አዲስ ስፖርተኛ የሚሰጡት ምክር ይህ ነው።

ጥቅምት አካባቢ ኬሚስትሪው ከበደኝ። የመጀመሪያው ፈተና መጥፎ ሆነ። ሁለተኛው ባሰ። የትምህርት አማካሪዬ ጋ ሄድኩ። ውጤቴን ኮምፒውተሯ ላይ አየች። «ይህን ክላስ አቋርጠው፤ ደብሊው ነው የሚሆነው፣ ጂፒኤህን አይነካም፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር ትደግመዋለህ» አለችኝ። በትምህርት በኩል ካያችሁት ምክሯ ትክክል ነው። ደብሊው ማለት ትራንስክሪፕት ላይ «አቋርጧል» የሚል ምልክት ነው፤ ጂፒኤ፣ ማለትም አማካይ ውጤት ውስጥ አይገባም። እኔም ጠየቅኳት። «የአገር አቋራጭ ቡድን ውስጥ ነኝ፤ ችግር ያመጣብኛል?» አልኳት። «አይ፣ ይህ የትምህርት ጉዳይ ነው፣ ከስፖርት ጋር አይገናኝም» አለችኝ። እዚያው ቁጭ ብለን ሞላነው። ተጫነ፣ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ልምምድ መሄዴን አላቆምኩም። አሰልጣኙ ያየኛል፣ ሰዓቴን ይጽፋል፣ ምንም አይልም። የሪጅን (የአካባቢው ኮሌጆች) ሻምፒዮናው ዋዜማ ላይ ስልኬ ጮኸ። የስፖርት ክፍሉ የተማሪዎችን ዝርዝር ለመጨረሻ ጊዜ ሲያጣራ ዘጠኝ ክሬዲት ላይ አገኘኝ። «ነገ አውቶቡሱ ላይ አትወጣም» አለኝ አሰልጣኙ። ድምፁ እንደተሰበረ ነበር፤ እሱንም አሁን ገና ነግረውት ነው።

ነገሩ የእኔ ብቻ ቢሆን ይሻል ነበር። አገር አቋራጭ የማታውቁ ካላችሁ ላስረዳ። የቡድን ውጤት የሚወጣው ከአንድ ቡድን ቀድመው የገቡ አምስት ሯጮችን ደረጃ በመደመር ነው። ድምሩ ያነሰው ያሸንፋል። ስድስተኛውና ሰባተኛው ሯጭ አይደመሩም፤ ግን ከሌላው ቡድን አምስተኛ ሯጭ ቀድመው ከገቡ የዚያን ቡድን ድምር ከፍ ያደርጉበታል። አምስት ሰው ያልጨረሰ ቡድን ደረጃ የለውም። ጭራሽ እንደ ቡድን አይቆጠርም። የእኛ ደግሞ ትንሽ ኮሌጅ ነው። አንድ ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ ወጥቶ ነበር፤ የቀረነው አምስት ነን። እኔ ስወጣ አራት ሆኑ። አንዱ ከኤል ሳልቫዶር የመጣ ልጅ ነው። ሌሊት ዳቦ ቤት ሠርቶ፣ እንቅልፍ ሳይተኛ ጠዋት ልምምድ የሚመጣ። ሲዝኑን ሙሉ የደከመው ለዚያች ቀን ነበር። በግሉ ሮጠ፣ ጥሩም ገባ። ቡድኑ ግን ውጤት አልነበረውም። እስከ ዛሬ ስለዚያ ልጅ ሳስብ ይቆጨኛል።

በማግስቱ ወደ ኮሌጁ ሄድኩ። ክላሱን ይመልሱልኝ ብዬ ነው፤ ብሔራዊው ውድድር ገና አላለፈም ነበር። መምህሩ «በኔ በኩል ችግር የለም፣ ይመለስ» አለ። ሬጅስትራር «ጊዜው አልፏል፤ ስህተቱ የኮሌጁ መሆኑ በጽሑፍ ከተረጋገጠ ብቻ ነው» አለ። አማካሪዋ ጋ ተመለስኩ። «የነገርሽኝን ጻፊልኝ» አልኳት። «እንዲያ ማለቴን አላስታውስም» አለችኝ። መዝገቡን ከፍታ አሳየችኝ። ከስሜ ሥር የተጻፈው «ተማሪው በራሱ ጥያቄ ክላሱን አቋርጧል» የሚል ነው። ስለ ቡድኑ መጠየቄ የለም። የሰጠችኝ መልስም የለም።

የስፖርት ክፍሉ ደግሞ ነሐሴ ላይ የፈረምኩትን መመሪያ አወጣ። «ሕጉ እዚህ አለ፤ ማወቅ የተማሪው ኃላፊነት ነው» አሉኝ። የፈረምኩት ከኢንሹራንስ፣ ከሐኪምና ከፎቶ ፈቃድ ወረቀቶች ጋር አንድ ላይ ተደርቦ ነው፤ ቆሞ የሚያስረዳ ሰው አልነበረም። እኔን የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። ክላሱ የተቋረጠ ቀን ኮምፒውተሩ አውቆታል። አንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ሁለት ቢሮዎች ግን አይነጋገሩም። አንዱ ጂፒኤ ያያል፣ አንዱ ሰዓት ያያል። ልጁን በሙሉ የሚያይ የለም። ስልክ ለመደወል እስከ ዋዜማው መጠበቅ ለምን አስፈለገ? ይህን ጥያቄ ለሁሉም ጠይቄያለሁ። የመለሰልኝ የለም።

ለጥያቄዬ የመጨረሻው መልስ «አይቻልም» ሆነ። ሲዝኑም አለቀ። በማኅበሩ ሕግ ለአንድ ስፖርት የሚሰጠው ሁለት ሲዝን ብቻ ነው። መስከረም ላይ ተወዳድሬ ስለነበር አንደኛው እንደተጠቀምኩበት ተቆጠረ።

እዚያው ኮሌጅ ፋይናንሻል ኤይድ (የተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ) ውስጥ የሚሠሩ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ነበሩ። ከሁሉም በኋላ ያገኘኋቸው እሳቸውን ነው። «ልጄ፣ እዚህ አገር በአፍ የተነገረህን አልተነገረኝም በል። ቢሮ ገብተህ ስትወጣ፣ ያሉህን ራስህ በኢሜይል ጽፈህ ላክላቸው። ካልተቃወሙ ማስረጃ ሆነ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም እንደዚያ ነው ያደረግኩት። ለአሰልጣኙም ሳይቀር።

የእኔ ምክር ከኮሌጁ ምክር ይለያል፤ አውቄ ነው። 12 ክሬዲት ላይ አትመዝገቡ። 15 ውሰዱ። ይከብዳል፣ እውነት ነው፣ በተለይ ለሚሠራ ሰው። ግን አንዱ ክላስ ቢበላሽ ጥላችሁት 12 ላይ ትቆማላችሁ። ተጨማሪው ክላስ ሲበዛባችሁ ከሥራ ሰዓት ቀንሱ። ክላስ ለማቋረጥ ስታስቡ ደግሞ «መጀመሪያ አማካሪህን አነጋግር» የሚለውን ተዉት። መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ስፖርት ክፍሉ ነው፤ የብቁነት ፎርሙን ወደሚፈርመው ሰው። ከዚያ ፋይናንሻል ኤይድ፣ ምክንያቱም ያቋረጣችሁት ክላስ እዚያም ይቆጠርባችኋል። አማካሪው በመጨረሻ ነው።

ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተዛውራችሁ መሮጥ የምታስቡም ካላችሁ፣ እንግሊዝኛ ለመማር የምትወስዱት ክላስ ሁሉ ይሸጋገራል ብላችሁ አትገምቱ። ኤንሲኤኤ በሚባለው የአራት ዓመት ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር፣ በዲቪዚዮን አንድ ለመወዳደር የሚታየው ወደ ዲግሪ የሚሸጋገር ክሬዲትና 2.5 ጂፒኤ ነው። እንደ ሩጫና ክብደት ማንሳት ካሉ የስፖርት ክላሶች የሚቆጠረው ከሁለት ክሬዲት አይበልጥም። አሰልጣኝ «ቀላል ክላስ ነው» ብሎ ሲያስመዘግባችሁ ይህን አስታውሱት።

በቀጣዩ ዓመት 15 ክሬዲት ይዤ ሮጥኩ። እስከ መጨረሻው ሮጥኩ። ኬሚስትሪውንም ደግሜ በጥሩ ውጤት አለፍኩ። በዚያ እኮራለሁ።

በዚያው ዓመት ከጓደኞቼ ጋር የኢትዮጵያ ተማሪዎች ክለብ አቋቋምን። ለክለብ መተዳደሪያ ደንብ፣ የተመረጡ ኃላፊዎችና ከኮሌጁ ሠራተኞች አንድ አማካሪ ይፈልጋል። ለቡና ዝግጅታችን ከሰልና ዕጣን ከለከሉን፤ በኤሌክትሪክ ምድጃ አፈላን። ክለቡ ግን ከቡናው ሌላ የጠቀመን ነገር ነበር። የተመዘገበ ክለብ ተማሪ ምክር ቤቱ ላይ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል። አቀረብን። ስፖርተኛ የሆነ ተማሪ ከ12 የሚያወርደውን ክላስ ሲያቋርጥ የስፖርት ክፍሉ ካልፈቀደ ሲስተሙ እንዳይቀበል ጠየቅን። መጀመሪያ «ቴክኒኩ አይፈቅድም» አሉ። እግር ኳሱም ቅርጫት ኳሱም ከእኛ ጋር ፈረመ። በመጨረሻ ተቀበሉ፤ ከመመረቄ በፊት ሥራ ላይ ዋለ።

እናንተ የምትገቡበት ኮሌጅ ይህ እገዳ ይኑረው አይኑረው ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ። መልሱንም በኢሜይል ተቀበሉ።