ቢጫ ጣት

ማታ ነው፣ ልጆቹ ተኝተዋል፣ የጣቶቼ ጫፍ ግን ከእርዱ አሁንም ቢጫ ነው፣ ሦስቴ ታጥቤ አለቅም ብሎኛል።

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ነው። ሲዘንብ ዋለ፣ ውጪ መውጣት የለም፣ ስልኩን ስጠን ስልኩን ስጠን የሚለው ጭቅጭቅ ሲሰለቸኝ "ኑ በቃ ወረቀት ቀለም እንንከር" አልኳቸው፣ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። ትልቋ ሰባት ዓመቷ ነው ትንሹ አራት፣ እኔ ደሞ ስዕል ላይ ከክፍል መጨረሻ የነበርኩ ሰው ነኝ።

ገና ሲጀመር ወረቀቱን ተሳሳትኩ። የፕሪንተር ወረቀት ሰጠኋቸውና የምግብ ቀለሙ ላዩ ላይ እንደ ኩሬ ተኝቶ ቀረ፣ ለካ የመጻፊያ ወረቀት ሲሰራ ፈሳሽ ቶሎ እንዳይሰርግበት የሚያደርግ ነገር ይገባበታል፣ ባይገባበትማ በቀለም ስንጽፍ ፊደሉ ሁሉ ይበተን ነበር። የሚያብረቀርቀው የመጽሔት ወረቀትማ ጭራሽ አይሞከርም። ለዚ ስራ ሶፍት፣ ናፕኪን ወይ የቡና ማጥለያ ወረቀት ነው የሚሆነው፣ ክሮቹ መሀል ያለው ቀዳዳ ውሃውን ራሱ እየሳበ ይወስደዋል፣ ሽቅብም ቢሆን።

እና ናፕኪኑን ወደፊት ወደኋላ እያልን እንደ ማራገቢያ አጠፍነው፣ ያን ቀጭን ነገር ደሞ ሦስት ማዕዘን እየሰራን ጠቀለልነው፣ ከዛ ጫፍ ጫፉን በትንሽ ውሃ የቀጠነ ቀለም ውስጥ ነካ ማድረግ ነው። ነካ ብቻ! ቀሪውን መንገድ ቀለሙ ራሱ ይሄደዋል። ጃፓኖች እንዲህ እያጠፉ መንከርን በጨርቅም በወረቀትም ይሰሩበታል፣ እነሱ ሲሰሩት እንዴት እንደሚያምር ሳይ የኛን ልደብቀው አሰኝቶኝ ነበር። ትንሹ ነካ የሚባል ነገር አያውቅም፣ እስከ አንጓው ነው የገባው፣ ሰማያዊውንም ቀዩንም ቢጫውንም አንድ ላይ አድርጎ ጭቃ አወጣ። "ቆንጆ ነው" አለኝ ኮራ ብሎ፣ ምን ልበለው።

ፈተናው ግን መክፈቱ ላይ ነው። እርጥብ ሶፍት ስትከፍተው ይቀደዳል፣ እስኪደርቅ ጠብቁ ብል ማን ይሰማኛል፣ ትልቋ እንኳ ትንሽ ታገሰች ትንሹ ግን ዘረጠጠው። ያለቅሳል ብዬ ስጠብቅ ቁርጥራጩን ወስዶ መስኮቱ ላይ ለጠፈው፣ ያለ ማስቲሽ፣ እርጥብ ሶፍት መስታወት ላይ እራሱ ይጣበቃል። ደርቆ እስኪረግፍ ድረስ ያን መስኮት እኔም ሳላስበው ቆም ብዬ አይ ነበር።

ጥቁር ማርከሩ ደሞ ሌላ ጉድ ነው። የቡና ማጥለያው ወረቀት መሀል ላይ ክብ አሰመርንና መሀሉን ውሃ ጠብ ጠብ አደረግንበት፣ ጥቁሩ ወደ ዳር ሲሸሽ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ትንሽም ሮዝ ሆኖ ተለያየ። "ጥቁሩ የት ሄደ?" አለች። ጥቁር የሚባለው የተደባለቁ ቀለሞች እንደነበሩና አንዱ ከውሃው ጋር ፈጥኖ ሲሮጥ ሌላው ወረቀቱን ሙጥኝ ብሎ እንደሚቀር ነገርኳት፣ ሩጫ መሆኑ ነው የገባት። ሌላ ጥቁር ማርከር ብንሞክር ንቅንቅ አላለም፣ እሱ በውሃ የማይለቀው አይነት ነው፣ አልኮል ነው የሚፈልገው። ሚካኤል ፅቬት የሚባል የሩሲያ የእጽዋት ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1900ዎቹ መጀመሪያ የቅጠልን ቀለም በጠመኔ ዱቄት ውስጥ እያሳለፈ እንደዚሁ ነው የለያየው፣ ስሙ ደሞ በሩሲያኛ ቀለም ማለት ነው፣ ይሄን ስነግራት ውሸትህን ነው አለችኝ።

ቀይ ስር አታስቡት። ሲነከር ያጓጓል ሲደርቅ ቡኒ ቢጤ ይሆናል።

ወደ እርዱ ልምጣ። እርድ በሞቀ ውሃ በጥብጠን ወረቀት ነከርንበት፣ በጣም ደማቅ ቢጫ ነው የሚወጣው፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ነጩ ሸሚዜ ላይ አረፈ (ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ቀለም የሚነክር ሰው!)። ሮጬ ሄጄ በሳሙና ሳሸው ቢጫው ደም መሰለ። "አባዬ ደማህ!" ብላ ጮኸች ትልቋ፣ እኔም ለአፍታ ያመንኳት መሰለኝ። እርድ ሳሙናም ሆነ ቤኪንግ ሶዳ ሲነካው ይቀላል፣ ሎሚ ሲነካው ይመለሳል። እና ቀኑን ሙሉ የዋልነው እሱ ላይ ነው፣ በደረቀው ቢጫ ወረቀት ላይ በሶዳ ውሃ በነከርነው የጆሮ ጥጥ መጻፍ፣ ቀይ ፊደል ይወጣል፣ ከዛ በሎሚ ማጥፋት። ትልቋ ስሟን ጻፈች፣ የወንድሟን ጻፈች፣ አጠፋችው፣ ተጣሉ።

ከዛ የበሩ ቁልፍ ጠፋ። እሁድንም ሰኞንም ሙሉ ፈለግነው፣ ባለቤቴ እኔን እኔ ልጆቹን ስንጠረጥር ከረምን፣ ዛሬ ከሰዓት ላይ እንዲደርቁ መስኮቱ ስር ከዘረጋናቸው ቢጫ ወረቀቶች አንዱ ላይ ተኝቶ ተገኘ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ብላ ትልቋ ናት ያስቀመጠችው። ሳነሳው ስሩ ቢጫ የቁልፍ ቅርጽ ቀርቷል፣ ዙሪያው ግን ነጣ ብሏል፣ ጥርሱ ሳይቀር ይቆጠራል። የእርድ ቀለም ፀሐይ አይችልም። ጆን ሄርሼል የሚባለው እንግሊዛዊ በፈረንጆቹ 1842 በአበባና በቅጠል ጭማቂ ሆን ብሎ ሲሰራው የነበረውን እኛ ቁልፍ ጥለን አገኘነው።

ከዛማ ማን ያቆመናል፣ እንደገና እርድ በጠበጥን፣ ማበጠሪያ፣ ማንኪያ፣ መቀስ፣ የትንሹ መኪና፣ ሁሉም ለነገ ፀሐይ ወረቀት ላይ ተደርድሯል። የቁልፉን ወረቀት ትልቋ መሳቢያ ውስጥ ከታዋለች፣ ብርሃን ካየ እሱም እንደሚጠፋ ነግሬያታለሁ፣ ሌባ እንደፈራ ሰው በትንሹ ከፈት አድርጋ አይታ ወዲያው ትዘጋለች።

እኔ ደሞ አሁን ነው ያሰብኩት፣ ያ የደበቅኩት ሸሚዝ። ነገ በጠዋት ባለቤቴ ሳታየው ገመዱ ላይ ማስጣት ነው።