ከአብስትራክት ወደ ሰው ፊት

ለረጅም ጊዜ አብስትራክት (የሚታወቅ ነገር መልክ ሳይዝ በቀለምና በቅርጽ ብቻ የሚቆም ሥዕል) ብቻ ስሠራ ቆይቼ፣ ካለፈው መስከረም ጀምሮ ኮዬ ፈጬ በሚገኘው የኮንዶሚኒየም ክፍሌ የሰው ፊት መሣል ጀምሬያለሁ። ነገሩን እንደ ክህደት የሚያዩት ባልደረቦች አሉ። ይሁንና አሜሪካዊው ሠዓሊ ሪቻርድ ዲበንኮርን እ.ኤ.አ. በ1955 ወደ ሰውና መልክዓ ምድር ተሻግሮ በ1967 ወደ አብስትራክት ተመልሷል፤ የእኛው ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታም በአብስትራክት ስሙ ቢገንንም «ጎልጎታ»ን ሲሠራ የተሰቀለውን አካል ከሸራው አላስወጣም።

የምሥላቸው የሕንፃችን ጥበቃ የሆኑትን አዛውንት ነው፤ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ይቀመጡልኛል፣ እኔም ለሰዓታቸው እከፍላለሁ። መጀመሪያ በጎን አስቀምጫቸው ነበር፤ ንድፉን ሲያዩ ግን «ልጄ፣ አንዱን ዓይኔን የት አደረስከው?» አሉኝ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥእ ደግሞ በጎን በአንድ ዓይኑ እንደሚሣል እያወቅሁ መከራከር ስላልፈለግሁ ፊታቸውን ወደ እኔ መለስ አደረግኋቸው፤ እውነቱን ለመናገር ሥዕሉም በዚህ ተጠቀመ።

ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረኝ ቆዳቸው ነው። ጥላውን በጥቁር ቀለም መሥራት ፊቱን ስለሚያደርቀው፣ በርንት ሲየና የተባለውን ቀላ ያለ ቡናማ ቀለም አልትራማሪን ከተባለው ደማቅ ሰማያዊ ጋር አዋሕጄ እጠቀማለሁ። በግንባራቸው ላይ የሚያርፈው የመስኮት ብርሃን የሰማዩን ሰማያዊነት ይዞ ስለሚመጣ ቀዝቀዝ ይላል፤ ከአገጫቸው ሥር ያለው ጥላ ግን ነጩ ጋቢ ብርሃን ስለሚመልስለት ከታሰበው በላይ ይፈካል። ይህን ለማየት የአብስትራክቱ ዓመታት ጠቅመውኛል፤ «ግንባር» ወይም «አገጭ» ከማለቴ በፊት የቀለሞቹን ጉርብትና አያለሁና። በአንጻሩ የጣት መገጣጠሚያ ላይ የቀድሞው ልምዴ ምንም አልረዳኝም፤ እርሱን በከሰል ንድፍ ከሀ ጀምሬ እየተማርኩ ነው።

ስለ ብርሃን አንድ ነገር ልጨምር። የአውሮፓ መጻሕፍት ፀሐይ የማይገባበትንና ብርሃኑ የማይለዋወጠውን የሰሜን መስኮት ይመክራሉ። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ብቻ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ መገባደጃ ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምትቆመው። ስለዚህ በእነዚያ ወራት መስኮቱን በነጭ አቡጀዴ እጋርዳለሁ፤ ሰማዩ በዳመነ ቀን ደግሞ መጋረጃውን አንሥቼ እሠራለሁ። ቀጣዩ ሥራዬ ዱላ የጨበጠ እጃቸው ሲሆን፣ በከሰል ሳይጠና ወደ ዘይት ቀለም አይሻገርም።