የሞዴል መኪና ቀለም የሚበላሸው ገና ሳይቀባ ነው

ካበላሸኋቸው የ1/24 (ከእውነተኛው 24 ጊዜ ያነሱ) ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴል መኪናዎች ውስጥ ጥፋቱ ከራሱ ከቀለሙ የመጣባቸው ጥቂት ናቸው። ቀለም ጉድ አይሸፍንም፤ እንዲያውም ያወጣል። ባዶ ፕላስቲክ ላይ በዓይን የማይታይ ጭረት አንጸባራቂ ጥቁር ሲያርፍበት ከሩቅ ይለያል።

ስለዚህ ሥራዬን የምጀምረው በማጠብ ነው። ፕላስቲኩ ከፋብሪካው ሻጋታ በቀላሉ እንዲላቀቅ የሚቀባው ቅባት ክፍሎቹ ላይ ሊቀር ይችላል። ለብ ባለ ውሃ፣ በሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጥባለሁ፤ ከደረቀ በኋላ ቦዲውን በባዶ እጄ አልነካውም። ቀለሙ ሸሽቶ ክብ ክብ ባዶ ቦታ ከተወ፣ ከሥሩ የጣት ወይም የሻጋታ ቅባት አለ ማለት ነው።

ክፍሎቹን ከተያያዙበት ፍሬም ጠምዝዞ መንቀል ፕላስቲኩን ይቦጭቀዋል። ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ትርፍ ትቼ በመቁረጫ ፒንሳ እቆርጣለሁ፤ የቀረችውን በስለት እልጥና በ400፣ ቀጥሎ በ600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አስተካክላለሁ። ጣሪያውና ፓራፋንጎው ላይ የምትሄደዋን ቀጭን መስመርም አጠፋታለሁ። ጀማሪ የመኪናው ዲዛይን ትመስለዋለች፤ ግን የሻጋታው ሁለት ግማሾች የተገጣጠሙባት ቦታ ናት። የበርና የኮፈን መስመሮች ደግሞ ተቃራኒ ናቸው፦ ጥልቀት ካነሳቸው ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባው መነሻ) እና ቀለም ይደፍናቸዋል። በስለቱ ጀርባ ሁለት ሦስቴ ሳልጫን እስብባቸዋለሁ።

ከዚያ ፕራይመር። ግራጫው ለአብዛኛው ቀለም ይሆናል፤ ለቢጫና ለቀይ ግን ነጭ እመርጣለሁ፣ ግራጫ ላይ ይደበዝዛሉና። ቦዲው ራሱ ከቀይ ፕላስቲክ የተሠራ ከሆነና ነጭ መቀባት ከተፈለገ፣ የፕላስቲኩ ቀለም ወደ ላይ ሰርጎ ነጩን ሮዝ ያደርገዋል። ከሥር አንድ እጅ ብርማ ቀለም መቀባት ይህን ይከለክላል። ፕራይመሩ ሲደርቅ በ1000 ቁጥር እርጥብ ወረቀት ዳበስ አደርገዋለሁ። የቀረ ጭረት ካለ የሚታየው እዚህ ላይ ስለሆነ ወደ ኋላ ተመልሶ መሙላት ዋጋ አለው።

የቀለሙን ስፕሬይ ጣሳ ከመጠቀሜ በፊት 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆየዋለሁ (ምድጃ ላይ በፍጹም!)፤ ግፊቱ ስለሚጨምር ቀለሙ ደቅቆ ይወጣል። ርቀቴ ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ነው። መርጨት የምጀምረው ከቦዲው ውጭ ነው፣ የማቆመውም አልፌው ነው፤ ቦዲው ላይ ከጀመርኩ የመጀመሪያዋ ወፍራም ጠብታ እዚያው ታርፋለች። የመጀመሪያው እጅ ፕራይመሩ እየታየ የሚቀር ስስ ጉም ነው። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቄ ሁለተኛውን እደግማለሁ፤ ሦስተኛው ብቻ ወፈር ብሎ እርጥብ ሆኖ ያርፋል። የት ማቆም እንዳለብኝ የሚነግረኝ ጣሪያው ላይ የሚታየው የአምፖል ነጸብራቅ ነው፦ ዳሩ ጥርት ብሎ ከታየ በቃ። ከተጠጉ ቀለሙ ይንጠባጠባል፤ ከራቁ አየር ላይ ደርቆ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሸካራ ይሆናል። አየሩ እርጥበት ሲበዛበት ላከር (ፈጥኖ የሚደርቀው የቀለም ዓይነት) ወተት መስሎ ስለሚነጣ ያን ቀን አልቀባም።

በሩ ላይ የቀለም እንባ ወርዶ ሲታይ እጅ ወዲያው ጠርጎ ለማዳን ይቸኩላል። የጣት አሻራ የተጨመረበት እንባ ግን ሁለት ችግር ነው። እስኪጠነክር ትቼው፣ በ1000 ቁጥር እርጥብ ወረቀት አስተካክዬ እንደገና እቀባለሁ።

ብዙ ሥራ ከንቱ ያስቀረብኝ የቀለም ዓይነት ማደባለቅ ነው። ላከር ላይ ኢናሜል (ቀስ ብሎ የሚደርቀው የቀለም ዓይነት) ይቀባል፤ ኢናሜል ላይ ላከር ከተረጨ ግን የላከሩ ቲነር የታችኛውን ያለሰልሰውና ሁሉም ይጨማደዳል። ይህን ሙሉ በሙሉ ከመላጥ በቀር መፍትሔ የለውም። የጣሳውን ኮድም ማንበብ ነው፦ የታሚያ (የጃፓን ሞዴል አምራች) ቲኤስ ስፕሬይ ለእነዚህ ተገጣጣሚ ኪቶች ጠንካራ ፕላስቲክ የተዘጋጀ ነው፤ ፒኤስ ግን ለሪሞት መኪና ተጣጣፊ የፖሊካርቦኔት ፕላስቲክ ቦዲ ነው። ቀለሙ ሜታሊክ (የሚያብለጨልጭ ብናኝ ያለበት) ከሆነ ኮፈኑን ለብቻ አልቀባም፤ መኪናው ላይ በሚቀመጥበት አቅጣጫ ከቦዲው ጋር አብሬ እረጨዋለሁ። አለዚያ ብናኙ ሌላ አቅጣጫ ይይዝና ሁለት ቀለም ይመስላል።

ከቀለሙ በላይ የሚረጨውን ክሊር (ቀለም አልባ አንጸባራቂ ሽፋን) ለማወልወል አንድ ሳምንት እጠብቃለሁ። በ2000 ከዚያ በ3000 ቁጥር፣ ሁልጊዜ በውሃ። የበር ጠርዝና የፓራፋንጎ ጉብታ ላይ ቀለም በጣም ስስ ስለሆነ አልደርስባቸውም።

ማጣበቅ ላይ አጭር ነኝ። የፕላስቲክ ሙጫ የሚሠራው ፕላስቲኩን አሟምቶ ስለሆነ፣ በሚገናኙት ፊቶች ላይ ያለውን ቀለምና ክሮም ቀድሞ መፋቅ ግዴታ ነው። ፓራብሬዛ ላይ ሱፐር ግሉ አይነካም፤ ተኑ መስታወቱን ጭጋግ ያስመስለዋል። ሲደርቅ የሚጠራው ነጭ የእንጨት ሙጫ ይበቃል።

ጎማዎቹን ስገጥም ሙጫው ሳይጠነክር ሻንሲውን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አቆመዋለሁ። ቁራጭ ወረቀት በአንዱ ጎማ ሥር ሾልኮ ካለፈ ያ ጎማ ተንጠልጥሏል፤ አክስሉን የማቀናው ያኔውኑ ነው።