«ጋሼ፣ ጆሮዎ ካወቀ ዓይንዎ ምን ያደርጋል?»

«አየህ፣ ጆሮህ ገና አልሰለጠነም።» አንድ የድምፅ አማካሪ ይህን ያሉኝ በረዳቶቼና በአዳራሹ ባለቤት ፊት ነው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ አዲስ የሰርግ አዳራሽ ሳውንድ እየገጠምን ነበር። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ግማሹ መስታወት ነው። አንዴ ስታጨበጭብ ድምፁ ተመላልሶ እስኪያልቅ ትጠብቃለህ። ለወፍራም መጋረጃና ድምፅ ለሚውጥ ፓኔል በጀት ስንጠይቅ ባለቤቱ «አሁን ብር የለም» አለ። ብዙም ሳይቆይ አማካሪ የተባሉት እኒህ ሰው ከዱባይ ያስመጧቸውን የስፒከር ኬብሎች ይዘው ከች አሉ። አውራ ጣት የሚያክሉ፣ ጨርቅ የለበሱ፣ ጫፋቸው ወርቅ የተቀባ። ዋጋቸው እኛ ከጠየቅነው መጋረጃ ይበልጣል። ብሩ ከየት መጣ?

እኔ የዘረጋሁት ተራ ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ነው። ከአምፑ (ድምፁን ከሚያጎላው መሣሪያ) እስከ ስፒከሩ 15 ሜትር፣ ደርሶ መልስ 30። የዚህ ሁሉ መዳብ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የሚገታበት መጠን፣ 0.2 ኦም ገደማ ነው። ባለ 8 ኦም ስፒከር ላይ የሚያሳጣን ድምፅ በድምፅ መለኪያው ሩብ ዴሲቤል እንኳን አይሞላም። ወረቀት ላይ አስልቼ ለባለቤቱ አሳየሁት። አማካሪው ወረቀቱን ገፋ አድርገው «ሙዚቃ በካልኩሌተር አይሰማም» አሉ። ከዚያ አንድ ዘፈን መጀመሪያ በእኔ ሽቦ፣ ቀጥሎ በእሳቸው ኬብል አጫወቱ። እውነትም ሁለተኛው ጥርት ብሎ ተሰማ። ባለቤቱ ፈገግ አለ።

የእኔ ዓይን ግን ሚክሰሩ ላይ ነበር። ኬብሉ ሲቀየር ማስተሩም፣ የጠቅላላው ድምፅ መቆጣጠሪያ፣ ትንሽ ከፍ ብሏል። እንዲህ ያለች ጭማሪ ለሰው ጆሮ ጩኸት መስላ አትሰማም፤ ጥራት መስላ ነው የምትሰማው። ይህን ስናገር ነው ስለ ጆሮዬ የተነገረኝ።

«ጋሼ፣ ጆሮዎ ካወቀ ዓይንዎ ምን ያደርጋል? ፊትዎን ያዙሩና የትኛው እንደሆነ ይንገሩን» አልኳቸው።

«እኔን ልትፈትን ነው?»

«እርስዎን አይደለም፣ ኬብሉን ነው።»

«ሰው እየተፈተነ ሙዚቃ አያዳምጥም።»

ባለቤቱ ገባበት። «ጋሼ፣ ምን ችግር አለው? ዞር ይበሉልን።»

መጀመሪያ ድምፁን ማስተካከል ነበረብኝ። ተራ መልቲሜትር ከፍ ባለ ድግግሞሽ ስለማይታመን ድግግሞሹ ዝቅ ያለ አንድ ወጥ የሙከራ ድምፅ ለቀቅኩ። ስፒከሩ ጫፍ ላይ ያለው ቮልቴጅ በሁለቱም እኩል እስኪሆን አስተካከልኩ። ማስተሩን ማንም እንዳይነካ አደረግኩ። ረዳቴ ሳንቲም እየወረወረ አንዳንዴ ይቀይራል፣ አንዳንዴ የነቀለውን ራሱን መልሶ ይሰካል። ለእኔም እንዳይነግረኝ፣ መዝግቦ እንዲይዝ አዘዝኩት።

መዝገቡ ሲታይ አማካሪው ያወቁት ግማሽ ያህሉን ነው። ሳንቲሙም ያንኑ ያህል ያውቃል። አንዱን ግን አልረሳውም። ረዳቴ የእኔኑ ሽቦ ነቅሎ መልሶ ሲሰካ «ይኸው! ባሱ ተከፈተ፣ አየር አገኘ» አሉ። ዋሹ አልልም። እውነት ተሰምቷቸዋል ብዬ አምናለሁ። የጠበቁትን ነው የሰሙት፤ ማንኛችንም ብንሆን እንሰማለን። ለዚህ ነው በተዘጋ ዓይን መሞከር ያለበት። አሜሪካዊው የአስማት ትርኢት አቅራቢና የማታለያ አጋላጭ ጄምስ ራንዲ እ.ኤ.አ. በ2007 የ7,250 ዶላር የስፒከር ኬብልን ከተራው በጆሮው ብቻ ለሚለይ ሰው 1 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ነበር። ብሩን የወሰደ የለም።

ማታ ዕቃ ስንሰበስብ ረዳቶቼ «ታዲያ ኬብል ሁሉ አንድ ነው ማለት ነው?» አሉኝ። በፍጹም! ረጅም የጊታር ኬብል ቀጭኑን ድምፅ ይበላል፤ ጊታሪስት ጓደኞቻችን ሲያማርሩ እውነታቸውን ነው። ባላንስድ ያልሆነ፣ ማለትም ጉርምርምታን ለማጥፋት ሁለተኛ የድምፅ ሽቦ የሌለው፣ ረጅም የማይክ ገመድ ከመብራት መስመር የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ ይለቅማል። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ደግሞ እንደ ሙሉ መዳብ ይሸጣል። ሬዚስታንሱ ከፍ ያለ ነው፣ ቶሎም ይሰበራል። ሽቦ ስትገዙ በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ ተዉት። እነዚህ በመለኪያ መሣሪያ ይለካሉ፣ በጆሮም ይለያሉ። የወርቁና የጨርቁ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ባለቤቱ ውጤቱን በዓይኑ አይቷል። አማካሪው ሲሄዱ ጠብቆ ወደ እኔ መጣና «ገብቶኛል። ግን ተገዝቷል፣ ይታሰር» አለኝ። መጋረጃውስ ስለው «ሰርግ ሊከራይ የሚመጣ ሰው ኬብሉን ሳሳየው ይደነቃል። መጋረጃ አይቶ የሚደነቅ ማን አለ?» አለ።

በንግዱ በኩል መልስ አልነበረኝም። ኬብሎቹን አሰርኩ። ከዚያ በኋላ አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰርግ ላይ ተገኝቻለሁ። ሽማግሌው ሲመርቁ ከኋላ የተቀመጥነው የሰማነው «አሜን» የሚለውን ብቻ ነው። በነጋታው ያንኑ የመጋረጃ ዋጋ ለባለቤቱ እንደገና ላክሁለት። እስካሁን አልመለሰልኝም።