ምርመራው ሁሉ «ነጻ» ያላት ልጅ

በደቡብ ወሎ በአንድ ጤና ጣቢያ ተመላላሽ ሕክምና ክፍል እሠራለሁ። ልጅቷን ማንም እንዳይለያት አንዳንድ ነገር ቀይሬአለሁ።

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሆዷን ያማታል፣ ራሷን ያማታል፣ አንዳንድ ጊዜም ልቧ ይመታባታል። ሰገራዋ ታየ፣ ለጨጓራ ባክቴሪያ ተመረመረች፣ ደሟ ለወባ ታየ፣ ደም ማነስም ተፈለገ፤ ሁሉም ነጻ። የጨጓራ መድኃኒት ይዛ ትሄዳለች፣ ተመልሳ ትመጣለች። በነገሩ የነቃው ባለሙያ አይደለም፤ የካርድ ክፍሏ ባልደረባችን ናት። «ይቺ ልጅ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አያማትም እኮ!» ብላ ካርዱን ፊቴ ዘረጋችው። እውነትም ክረምቱን ሙሉ አልመጣችም። (በግቢያችን የሰው ነገር እንደ እሷ የሚገባው የለም፤ ደመወዟ ግን ይህን አልሰማም።)

እናቷ ሁልጊዜ አብረዋት ይገባሉ፣ የምጠይቃትንም እሳቸው ይመልሱላታል። በዚያ ቀን «እናቴ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ደጅ ይጠብቁን» አልኳቸው። ቅር እያላቸው ወጡ። ልጅቷ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ወጣ።

አያቶቿ ወሎዬዎች ናቸው። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር ወለጋ የገቡ ናቸው። እሷም እዚያው ተወልዳ በኦሮምኛ ተማረች። ግጭቱ ሲመጣ ቤተሰቡ ነፍሱን ይዞ አያቶቿ በወሬ ብቻ ወዳሳዩአት አገር ተመለሰ። እዚያ «ሰፋሪ» ትባል ነበር፤ እዚህ ደግሞ «ተፈናቃይ» ሆነች። በላቲን ፊደል ጽፋ ስላደገች አማርኛ ስታነብ ትንተባተባለች፤ የክፍሏ ልጆች «ቁቤ» የሚል ስም አወጡላት። አንድ ቀን መምህሩ ቆማ እንድታነብ አዘዛት። ስትደናቀፍ «ኦሮምኛ ቢሆን ኖሮ ታንበለብይው ነበር!» አለ፤ ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከዚያ ወዲህ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ባለበት ቀን ቁርስ አይረጋላትም። «መንገድ ላይ ሰው ሲስቅ ሁሉ በእኔ የሚስቅ ይመስለኛል» አለችኝ።

እኛ ወሎዬዎች በመቻቻላችን መወደስ እንወዳለን። ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቤት መኖሩ፣ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው መገናኘቱ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ውዳሴው ዐይን የሚጋርድበት ጊዜ አለ። በእናትየው ፈቃድ ትምህርት ቤቱ ድረስ ስሄድ ርእሰ መምህሩ «ወሎ ውስጥ ዘር የሚባል ነገር የለም፤ ልጆች ናቸው፣ ይቃለዳሉ» አሉኝ። አልዋሹም፤ ከልባቸው ያምኑበታል። ያስቸገረኝም ይኸው ነው፤ የሚዋሽ ሰው ቢሆን በተሻለ ነበር።

በአውሮፓውያኑ 2018 የታተመ፣ ከ91 ሺህ በላይ ወጣቶችን የሚመለከቱ 214 ጽሑፎችን ያጠናቀረ ጥናት ነገርኳቸው። በዘር ወይም በብሔር የተገለሉ ወጣቶች የድብርት ስሜት ይበረታባቸዋል፣ ለራሳቸው ያላቸው ግምት ይወርዳል፣ ትምህርት ያስጠላቸዋል፣ ጠበኝነትና ሱስም ይጨምራል። ጥናቱ በእኛ ልጆች ላይ አልተሠራም፤ የሰውነት አሠራር ግን የትም አንድ ነው። ነገ ማን ይስቅብኝ ይሆን እያለ የሚያድር ልጅ የጭንቀት ሆርሞኑ አይረጋም፤ እንቅልፉም ሆዱም ይታወካሉ። በዚያ ላይ ዕድሜው «እኔ ማን ነኝ?» የሚባልበት ነው። መልሱን ሌላው በስድብ ሲሰጠው አስቡት።

ርእሰ መምህሩን ያነቃቸው ጥናቱ አልነበረም፤ «ወንዶቹስ?» ብዬ መጠየቄ ነው። ወንዶቹ በሆድ ሕመም አይመጡም፤ ተፈንክተው ይመጣሉ። ከዚያው ትምህርት ቤት የመጣ አንድ ልጅ ቅንድቡን ስሰፋለት «ስሜን እያጣመሙ ሲጠሩኝ ነው የተማታሁት» ብሎኝ ነበር። ስፌቱን ለማስወጣት በተቀጠረበት ቀን አልመጣም፤ በባቲ በኩል ወደ ጅቡቲ ማቅናቱን ከጓደኞቹ ሰማን። ርእሰ መምህሩ ልጁን ያውቁታል። «እሱም?» አሉና ብዙ ቆዩ።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ቀላል ነው። የክፍል ኃላፊዋ መምህርት ቅጽል ስሙን ከለከለች። አማርኛ መምህሩ ደግሞ ለጊዜው ልጅቷን ቆመሽ አንብቢ ማለቱን ትቶ፣ ከሰዓት በኋላ ፊደሉን ለብቻዋ ያስጠናት ጀመር፤ ይህንን ያደረገው ያው የቀለደባት ሰው መሆኑን ሳልናገር ባልፍ ደግ አይደለም። ከከሚሴ ከመጣች ልጅ ጋርም አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ በኦሮምኛ ሲያወሩ አሁን የሚቆጣቸው የለም።

ሆዷን አሁንም አልፎ አልፎ ያማታል፤ እንደ በፊቱ ግን አይደለም። እናቷ ግን እስከ ዛሬ አልታረቁኝም። ባለፈው ሳምንት መጥተው «ሰው ታሞ ሲመጣ ወሬ ትጠይቃለህ እንጂ መርፌ አትወጋም» ብለው ወቀሱኝ። የካርድ ክፍሏ ባልደረባችን ደግሞ በሳቅ ሞተች፤ ቀጥላም የሌላ ተማሪ ካርድ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።